የዛሬንና የነገን ዋጋ ያሰላው ኢርቪንግ ፊሸር

በዚህ ዓምድ የታዋቂ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ስናቀርብ ብዙውን ጊዜ የምንመርጠው መሣሪያ የፈለሰፉትን ወይም መድኃኒት ያገኙትን ነው። በዚህ እትም ግን ለየት ያለ ሰው ይዘን ቀርበናል። ሰውዬው አሜሪካዊው የኤኮኖሚ ሊቅ ኢርቪንግ ፊሸር ነው። የሰው ልጅ ዛሬ የሚበላውን ነገ ከሚበላው ለምን አስበልጦ እንደሚወድ፣ ይህንንም መውደዱን በቁጥር መለካት ይቻል እንደሆነ ዕድሜውን ሙሉ የመረመረ ሰው ነው። ቀመር የሚያስፈራችሁ አንባብያን ገና ከአሁኑ ወደሚቀጥለው ጽሑፍ እንዳትሄዱብን! ማባዛት የሚችል ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው ይከተለናል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፊሸር ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1867 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ሶገርቲስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበር። ልጁ 17 ዓመት ሲሆነው፣ በ1884፣ አባቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ፊሸር ዬል ዩኒቨርሲቲ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። እናቱና ታናሽ ወንድሙ በሱ ትከሻ ላይ ወደቁ። ታዲያ ምን አደረገ? አስተማረ። ክፍያ እየተቀበለ ሌሎች ተማሪዎችን እያስጠና ራሱንም ቤተሰቡንም ደገፈ። እኛ ማስተማርን እዚህ ገብተን በሥልጠና ስንማር እሱ በችግር ተገፍቶ ነው የጀመረው። በ1888 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ።

በዬል ሁለት መምህራን አቅጣጫውን ወሰኑለት። አንዱ የፊዚክስና የሒሳብ ሊቅ የሆነው ዊላርድ ጊብስ ሲሆን ሌላው የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህሩ ዊልያም ግራም ሰምነር ነው። ወጣቱ ሒሳብን ይወዳል፣ የሰውን ኑሮም ማጥናት ይፈልጋል። ሁለቱን አጋብቶ በገበያ ዋጋ ላይ የሒሳብ ምርምር እንዲጽፍ ሰምነር ሐሳብ አቀረበለት። በ1891 የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘው በዚህ ጽሑፍ ነው።

የትምህርት መርጃ መሣሪያ ማዘጋጀት የምትወዱ ይህን ስሙ። ፊሸር ጽሑፉን በወረቀት ብቻ አልተወውም። ገበያ እንዴት ሚዛኑን እንደሚጠብቅ ለማሳየት በ1893 ከውሃና ከዘንግ አንድ መሣሪያ ሠራ። በገንዳ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ዕቃዎች አሉ፣ እያንዳንዱ ዕቃ የአንድን ሸማች ፍላጎት ይወክላል። ዕቃዎቹ በዘንግ የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ጋ ውሃ ሲጨመር የሌሎቹም ከፍታ ይለወጣል፣ እስኪረጋጋም ድረስ ይንቀሳቀሳል። የአንድ ሸማች ገቢ ሲጨምር የሌላው ዋጋ እንዴት እንደሚነካ ተማሪው በዓይኑ ያያል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በሰሌዳ ላይ ብዙ ቀመር ከመጻፍ ይህ ይሻል ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለጥቂት ዓመታት ሒሳብ አስተማረ። በ1896 ከባልደረባው ጋር የጂኦሜትሪ መማሪያ መጽሐፍ፣ በ1897 ደግሞ አጭር የካልኩለስ መግቢያ አሳተመ። በ1893 ማርጋሬት ሃዛርድ የምትባል የሀብታም ቤተሰብ ልጅ አግብቶ ነበር፤ ኒው ሄቨን ውስጥ የኖሩበት ትልቅ ቤትም የተገኘው ከሚስቱ ቤተሰብ ነው። በ1898 የኤኮኖሚ ፕሮፌሰር ሆነ። ኑሮው ተቃና በተባለበት በዚያው ዓመት አባቱን የገደለው በሽታ እሱንም ያዘው።

ሦስት ዓመት ያህል ከማስተማር ርቆ ንጹሕ አየር ወዳለበት አገር እየተዘዋወረ ታከመ። ለሳንባ በሽተኞች የሚሆን ድንኳንም ነድፏል። ዳነ። ከዳነ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነ፦ መጠጥና ሲጋራ አይነካም፣ መስኮት ሳይከፍት አይተኛም፣ ስለ ጤና አጠባበቅ በየቦታው ይናገራል። በ1915 ከአንድ ሐኪም ጋር የጻፈው የጤና መጽሐፍ እጅግ ብዙ አንባቢ አግኝቷል። ነገ መኖሩ ያጠራጠረው ሰው ስለ ነገ ዋጋ መጻፉ አያስገርምም፤ ለኛ እንዲህ ይመስለናል።

ትልቁን ሥራውን በ1907 ስለ ወለድ መጠን ባሳተመው መጽሐፍ ጀመረና በ1930 ስለ ወለድ ንድፈ ሐሳብ በጻፈው አጠናቀቀ። የኋለኛውን መታሰቢያነት የሰጠው ከሱ በፊት በዚሁ ጉዳይ ላይ ለደከሙት ለጆን ሬይና ለኦስትሪያዊው ቦም ባወርክ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ወለድ ለምን ይከፈላል? አንደኛ፣ ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውል ስለሚራባ ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ስለሚቸኩል ነው። አንድ ኩንታል እህል ዛሬና አንድ ኩንታል እህል የዛሬ ዓመት እኩል አይደሉም፤ ዛሬ ያለው ይበልጣል። ፊሸር ይህን ብልጫ ትዕግሥት ማጣት ብሎ ሰየመው።

ይህ ትዕግሥት ማጣት ታዲያ ለሁሉም ሰው አንድ ቁጥር አይደለም። በገቢው ብዛት ይለያያል፣ ገቢው ቶሎ የሚመጣ ወይም የሚዘገይ በመሆኑ ይለያያል፣ የሚያስተማምን ወይም የሚያጠራጥር በመሆኑም ይለያያል። ከዚያ ደግሞ የሰውዬው ጠባይ አለ፦ አርቆ ማየቱ፣ ራሱን መግዛቱ፣ ልማዱ፣ ምን ያህል እኖራለሁ ብሎ ማሰቡ፣ ለልጆቹ ያለው ፍቅር። ለአርቆ አለማየት ፊሸር የሰጠው ምሳሌ ጣሪያው የሚያፈስበትን ገበሬ ነው። ዝናብ ሲጥል ጣሪያ ላይ መውጣት አይቻልም፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ የሚያፈስ ነገር የለም፤ ጣሪያው እንደዚያው ይኖራል። ራሱን መግዛት ላቃተው ደግሞ ቅዳሜ ማታ ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ መጠጥ ቤቱን ማለፍ የማይችለውን ሠራተኛ ይጠቅሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን።

የዚህን ሠራተኛ ጠባይ በቀመር የቋጩት ከፊሸር በኋላ የመጡ ናቸው። ፖል ሳሙኤልሰን በ1937 ሰው የወደፊቱን ጥቅም በየዓመቱ በእኩል መጠን እየቀነሰ እንደሚያይ የሚያሳይ ቀላል ሞዴል አቀረበ። በዚህ ሞዴል ውስጥ ያለ ሰው ሐሳቡን አይለውጥም፦ ዛሬ ለመጪው ዓመት ያቀደውን ቀኑ ሲደርስ ይፈጽመዋል። ሮበርት ስትሮትዝ በ1955 ቅናሹ እኩል ካልሆነ ሰው የገዛ ዕቅዱን እንደሚያፈርስ አሳየ። በ1968 ፌልፕስና ፖላክ የተጠቀሙበትን ቀመር ዴቪድ ሌብሰን በ1997 ወስዶ ለአንድ ሸማች ኑሮ አዋለው። ቀመሩ ሁለት ቁጥር ብቻ አለው። ዴልታ የሚባለው የተለመደው የየጊዜው ቅናሽ ነው። ቤታ የሚባለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚቆርጥ ነው፦ ዛሬ ያልሆነ ነገር ሁሉ፣ የሚቀጥለው ሳምንትም ሆነ የሚቀጥለው ዓመት፣ በቤታ ይባዛል።

እስቲ እናስላው። ዴልታን ለጊዜው 1 እናድርገውና ቤታ 0.7 ይሁን። ለአንድ ሰው ዛሬ 100 ብር ወይም ከወር በኋላ 120 ብር ምረጥ ብንለው 120 በ0.7 ሲባዛ 84 ነው። ከ100 ስለሚያንስ ዛሬውኑ 100 ብሩን ይቀበላል። አሁን ደግሞ ከ12 ወር በኋላ 100 ወይም ከ13 ወር በኋላ 120 እንበለው። ሁለቱም ዛሬ አይደሉም፤ ስለዚህ ሁለቱም ይባዛሉ። 70 እና 84 ይሆናሉ። እታገሣለሁ፣ 120ውን እጠብቃለሁ ይላል፤ ከልቡም ነው። 12ኛው ወር ሲደርስ ግን 100 ብሩ ዛሬ ሆኗል፤ 120ው እንደገና 84 ነው። ውሳኔውን ይለውጣል። ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ አልዋሸም፣ ቁጥሩ ነው የተገለበጠው። ዕቁብ የሚገባ ሰው ይህን ቀመር ሳይማር ያውቀዋል፦ ብቻውን ቢሆን እንደማያጠራቅም ስለሚያውቅ ራሱን በዳኛና በጸሐፊ ፊት ያስራል።

ወደ ፊሸር እንመለስና አንድ የማይወደድ ነገር እንናገር። የሰውን ታሪክ ስንጽፍ ጥሩ ጥሩውን ብቻ መለጠፍ ግድግዳውን ያሳምር እንደሆነ እንጂ አንባቢን አይጠቅምም። ፊሸር ትዕግሥት ማጣትን ከግለሰብ አልፎ በሕዝቦች ላይ ለጠፈው። ሆላንዶችንና ስኮትላንዶችን አርቆ አሳቢዎች ሲል፣ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች የሚኖሩትን ጥቁሮች፣ ሕንዶችንና ቻይናውያንን ለነገ የማይጨነቁ ብሎ ቆጠራቸው። በዚህም ሳያበቃ የሰውን ዘር እንደ ከብት መርጦ በማራባት እናሻሽላለን ይል የነበረው የዩጀኒክስ እንቅስቃሴ ከአሜሪካ መሪዎቹ አንዱ ነበር። ይህን የጻፈው ሰው ግን በዚያው መጽሐፉ ውስጥ ድህነት ራሱ ትዕግሥትን እንደሚያሳጣ፣ የተራበ ሰው ዛሬን የሚያስቀድመው ተገዶ እንደሆነ አስረድቷል። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ አላነበባቸውም።

ስለ ጥቁሮቹ ስንናገር አንድ ታሪክ አለ። በአሜሪካ ባርነት ሲቀር፣ በ1865፣ ነፃ ለወጡት ጥቁሮች የቁጠባ ባንክ ተቋቋመላቸው። ሕዝቡ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቀመ። በ1874 ባንኩ ተዘጋ፤ ከ60,000 በላይ የሆኑ አስቀማጮች ገንዘባቸው ተያዘ፣ ብዙዎቹም ሙሉውን መልሰው አላገኙም። ከዚህ በኋላ ያ ሰው ወይም ልጁ እጁ የገባውን ወዲያው ቢያጠፋ ለነገ አይጨነቅም ይባላል?

እዚህ ላይ ሒሳቡ የሚያሳየን ነገር ስላለ ቆም እንበል። ሁለተኛ ሰው እናምጣ። የዚህኛው ቤታ 1 ነው፤ ፍጹም ታጋሽ ነው። ነገር ግን ልምዱ አስተምሮት ከ10 ተስፋ 7ቱ ብቻ ይፈጸማል ብሎ ያምናል፣ ቀጠሮው ቅርብም ሆነ ሩቅ። ከወር በኋላ የሚሰጠው 120 ብር ለሱ 120 ጊዜ 0.7፣ ማለትም 84 ነው። ዛሬ 100 ይቀበላል። ከ12 እና ከ13 ወር በኋላ ላለውም 70 እና 84 ብሎ መጠበቁን ይመርጣል፤ 12ኛው ወር ደርሶ 100 ብሩ እፊቱ ሲቀመጥለት ግን ይወስዳል። ቁጥሮቹ ከመጀመሪያው ሰው ቁጥሮች ጋር አንድ በአንድ እኩል ናቸው! አንዱ ራሱን መግዛት አቅቶት ነው፣ ሌላው ተስፋ ሰጪውን ሳያምን ቀርቶ ነው፤ ከውጭ ሆኖ የሚያያቸው ሰው ግን መለየት አይችልም። ልዩነቱ የሚወጣው ተስፋውን አስተማማኝ አድርገን ስንሞክረው ነው። ገንዘቡ በርግጥ እንደሚከፈል ሲያይ ሁለተኛው ሰው ይታገሣል፣ የመጀመሪያው አሁንም ይቸኩላል። ነገ ክፍል ገብተን ያንን ልጅ ሰነፍ ነው፣ ስለ ወደፊቱ አያስብም ብለን መዝገብ ላይ ከማስፈራችን በፊት የትኛው ሰው እንደሆነ በምን አወቅን? መምህሮቻችን በዚህ ላይ ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

እርግጠኛ ያለመሆን ጉዳይ ፊሸርንም አስቸግሮታል። የወለድ ንድፈ ሐሳቡን በሦስት እርከን ነው የገነባው። በመጀመሪያው ወደፊት የሚሆነው ሁሉ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በሁለተኛው ሰው ገንዘቡን በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚያውል ይመርጣል። እነዚህን ሁለቱን በቀመርና በሥዕል አስቀመጣቸው፦ የዛሬው ገቢ በአግድም መስመር፣ የመጪው ዓመት ገቢ በቋሚ መስመር ሆኖ የተሠራው ሥዕል እስከ አሁን በኤኮኖሚ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ሦስተኛው እርከን፣ ነገ የማይታወቅበት፣ ለሒሳብ አይመችም ብሎ በቃላት ብቻ ተወው። በቃላት የጻፈውም ቢሆን ቀላል አይደለም። የሩቁ ገቢ ሲያጠራጥር ሰው ለክፉ ቀን ብሎ ያጠራቅማል፣ የራሱ ዕድሜ ሲያጠራጥር ግን ዛሬውኑ ይበላል። ለዚህም ወታደሮችንና መርከበኞችን ምሳሌ አደረጋቸው።

አሁን ወደ አሳዛኙ ክፍል ደርሰናል። ፊሸር የፈጠራ ሰውም ነበር። መዝገብ ሲያገላብጥ ካርዶች እየጠፉ ስላስቸገሩት የያንዳንዱ ካርድ ጫፍ እንዲታይ አድርጎ የሚያያይዝ ማኅደር ሠራ፣ በ1913 መብቱን አስመዘገበ፣ ድርጅትም አቋቋመ። ድርጅቱ በ1925 ከሌላ ጋር ተዋሕዶ በኋላ የሬሚንግተን ራንድ ኩባንያ አካል ሲሆን ፊሸር በአክሲዮን መልክ ሀብታም ሆነ። በ1929 ሀብቱ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። ያም አልበቃው ብሎ ተጨማሪ አክሲዮን በብድር ገዛ። በኦክቶበር 1929 አጋማሽ የአክሲዮን ዋጋ ከእንግዲህ የማይወርድበት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ እንደሚመስለው በአደባባይ ተናገረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የኒው ዮርክ ገበያ ተናደ።

የዶው ጆንስ የዋጋ መለኪያ በሴፕቴምበር 1929 ላይ 381 ነበር፤ በጁላይ 1932 41 ሆነ። ከ10 እጅ 9ኙ ሄደ ማለት ነው። የራሱ 100 ያለው ሰው ሌላ 100 ተበድሮ የ200 አክሲዮን ቢገዛ ዋጋው በግማሽ ሲወርድ የራሱ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ያልቃል። የቀረው ውድቀት ሁሉ ዕዳ ነው። ፊሸር ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው አልቸኮለም። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ለነገ ያስቀምጣል። ጣሪያው ካፈሰሰበት ገበሬና መጠጥ ቤት ከገባው ሠራተኛ ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለም። የወደቀው በሦስተኛው እርከን ላይ ነው። ባንኩ የተዘጋበት ጥቁር ተስፋን በ0.7 ሲያባዛ ፊሸር በ1 አባዛው፤ ከሁለቱ ማን በትክክል እንዳሰላ ለአንባቢ እንተዋለን።

በዕዳ ተውጦ ሳለ ከሥራዎቹ ሁሉ ጠቃሚ የምንለውን ጻፈ። በ1930 መጨረሻ የኤኮኖሚ ቀመር ተመራማሪዎች ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር፤ በ1933 በማኅበሩ መጽሔት ላይ ዕዳና የዋጋ መውደቅ እንዴት ተደጋግፈው አገር እንደሚጥሉ አስረዳ። በምሳሌ ብናየው፦ 100 ዶላር ዕዳ አለ፣ አንድ ጆንያ ስንዴ 2 ዶላር ነው፤ ዕዳው 50 ጆንያ ነው። ባለዕዳዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመክፈል ስንዴያቸውን ገበያ ሲያወጡ ዋጋው ወደ 1 ዶላር ወረደ እንበል። ሰውዬው 20 ዶላር ከፍሎ 80 ቀረው። ግን 80ው አሁን 80 ጆንያ ነው! ከፍሎ ከፍሎ ዕዳው በዛ። በጊዜው ብዙ ሰው አላዳመጠውም፤ ትንቢቱ የከሸፈበትን ሰው ማን ይሰማል? በ2008 የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ግን ጽሑፉ ከመደርደሪያ ወርዶ ተነበበ።

የኑሮው መጨረሻ በሌሎች ድጋፍ ነበር። የሚስቱ እኅት ካሮላይን ሃዛርድ ብዙ ገንዘብ አበደረችው፤ መክፈል አልቻለም። ቤቱን ዬል ዩኒቨርሲቲ ገዝቶ መልሶ አከራየው። በ1935 ከዩኒቨርሲቲው ጡረታ ወጣ። በዚያው ዓመትም ባንኮች የተቀማጩን ገንዘብ ያህል ጥሬ ገንዘብ በሙሉ መያዝ አለባቸው የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ባለሥልጣኖችን በደብዳቤ ይወተውት ነበር። ሚስቱ በ1940 ሞተች። እሱም ኤፕሪል 29 ቀን 1947 በኒው ዮርክ ከተማ በካንሰር በሽታ በ80 ዓመቱ ዐረፈ።